«ሐሳብ ይገባኛል» ያለችው ሴት፦ በአእምሮ ሁኔታ ምርመራ የታካሚውን ቃል ስለ መጻፍ

ሌሊት ተረኛ (ውይይቱን የከፈተች)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የማነሣላችሁ ከገዛ እጄ ስለ ወጣች አንዲት መስመር ነው።

ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ወንድሟ ይዟት መጣ። እንቅልፍ ካጣች ሁለት ወር እንዳለፋት፣ ምግብ እንደማትቀምስና ብቻዋን ሆና እንደምታጉረመርም ነገረን። ምን እንደሚያስቸግራት ስጠይቃት «ሌሊት ሌሊት ሐሳብ ይገባኛል፤ ከገባ ደግሞ አልወጣ ይለኛል» አለችኝ። እኔም ካርድ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሏን በልቤ ተረጎምኩና የአስተሳሰብ ይዘት በሚለው ክፍል «ቶውት ኢንሰርሽን አለ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያነበበው ተረኛ ሐኪም ደግሞ፣ የባዕድ ሐሳብ ወደ አእምሮ መግባት የስኪዞፍሬኒያ ዋነኛ ምልክት ተብሎ የተማረ ስለሆነ፣ ሃሎፔሪዶል የተባለውን የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት አዘዘላት። በሦስተኛው ቀን መቀመጥ አቃታት፤ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ስትመላለስ፣ ስትቆምም አንዱን እግር አንሥታ ሌላውን ስትጥል አደረች። ያ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን ሳናስተውል «ተረብሻለች» ብለን መዘገብን፤ መጠኑም ተጨመረላት።

ሳምንት ሊሞላ ሲል በዕድሜም በልምድም የምትበልጠን አንዲት ሲስተር አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «እህቴ፣ ይህ ሌሊት የሚገባሽ ሐሳብ የማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ግራ በመጋባት አየቻት። «የማን ይሆናል? የራሴ ነው እንጂ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቹን በምን አሳድጋቸዋለሁ የሚል ነው» አለች።

አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ብዕር ስይዝ ረሳሁት። በቋንቋችን ሐሳብ ማለት ማሰብም ነው፣ ጭንቀትም ነው፤ «ሐሳብ ገባኝ» ያለ ሰው የነገረን መጨነቁን ነው። ቃሏን እንደ ወጣ በአማርኛ ጽፌው ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው አንባቢ ስሕተቴን ባየ ነበር። እኔ ግን የጻፍኩት ድምዳሜዬን ብቻ ስለሆነ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያጣራው የሚችለው ነገር አልተረፈም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ በአእምሮ ሁኔታ ምርመራ ላይ የታካሚውን ቃል በተናገረበት ቋንቋ መጻፍ በየክፍላችሁ የተለመደ ነው? ካልሆነስ እንዲህ ያሉ ስሕተቶችን በምን ትከላከላላችሁ?

መምህሩ

ሲስተር፣ ይህን በግልጽ ስለ ጻፉልን አመሰግናለሁ። የሥነ አእምሮ ሐኪም ነኝ፤ ተማሪዎችንም አስተምራለሁ።

በእንግሊዝኛ የመጻፋችን ምክንያት ይታወቃል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የስፔሻሊቲ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስኪጀመር ድረስ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን የሚሠለጥኑት ባሕር ማዶ ነበር። ሙያውን ከነስሙ ተቀበልን፤ ስሙን የምንለጥፍበት ንግግር ግን የእኛው ሰው ንግግር ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ መጻፉን አልቃወምም፤ ታካሚው ወደ ሌላ ክልል ሲላክ የሚያነበው ሰው አማርኛ ላይችል ይችላል። የምለምነው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው ቃል በታካሚው ቋንቋ ይቀመጥ፣ ትርጓሜው ከእሱ በኋላ ይምጣ ብዬ ነው።

እርስዎ ያነሡት ምልክት ጀርመናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኩርት ሽናይደር የስኪዞፍሬኒያ የመጀመሪያ ደረጃ ምልክቶች ብሎ ከመደባቸው አንዱ ነው፤ ቁም ነገሩም የሐሳቡ ባለቤትነት ነው። ሐሳቡ በብዛት መምጣቱ ወይም አልወጣ ማለቱ አይበቃም፤ ታካሚው «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሌላ ሰው ያስቀመጠብኝ ነው» ሲል ብቻ ነው ስሙ የሚገባው። እንግዲህ ያቺ ሲስተር በአንድ ጥያቄ የፈታችው ትክክለኛውን ቋጠሮ ነው። ሌላው ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ያስፐርስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያስተማረው ይህንኑ ነበር፦ ከመሰየም በፊት ታካሚው የኖረበትን ነገር እሱ እንደኖረበት መግለጽ።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎቼ «መተት ተደርጎብኛል» ወይም «ዛር ሰፍሮብኛል» ያለውን ሁሉ የተዛባ ጽኑ እምነት አለው ብለው ይመዘግባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው «ባህል ነው» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ሳይጠይቁ የሚበይኑ ናቸው። እምነቱ በአካባቢው ሰው ዘንድ የተለመደ መሆኑን ማወቅ ግድ ነው፤ ነገር ግን ከይዘቱ ይልቅ የመጣበት መንገድ ይናገራል። አንድ ሰው ጎረቤቱ መተት እንዳሠራበት ነገረኝ፤ ሚስቱም እናቱም በመተት የሚያምኑ ናቸው። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው ግን «የግቢውን በር አረንጓዴ ቀለም ቀባው፤ በሩን ባየሁበት ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ» አለኝ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። በመተት ታምናለች፤ በዚህ መንገድ መታወቁን ግን አልተቀበለችውም። ከቤተሰቡ ፊት ያነበብኩት ከየትኛውም መጽሐፍ መግለጫ ይልቅ ረድቶኛል። ስለዚህ «እንዴት አወቁ? ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው ያስባሉ? ካወቁ ወዲህ ምን አደረጉ?» የሚሉትን ሳይጠይቁ በዚህ ክፍል ምንም አይጻፍ እላለሁ።

ጤና ጣቢያ

የጤና መኮንን ነኝ፤ የምሠራው በወረዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ ላይ የተመሠረተ አጭር ሥልጠና ወስጃለሁ። የዶክተርን ምክር በአክብሮት አነበብኩት፤ ሆኖም ከበሬ ውጭ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ለአንድ ሰው የማገኘው ጊዜም ከዐሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከምርመራው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ትኩረትንና የጊዜና የቦታ ግንዛቤን መጠየቅ ነው።

ምክንያቴ ይህ ነው። አንድ ሽማግሌ «ለክፎት ነው» ተብለው አራት ሰው ይዟቸው መጡ። ጠዋት ልጃቸውን አላወቁትም፤ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያሉ በእጃቸው ይጠርጉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተረጋግተው አነጋገሩኝ፤ ሲመሽ እንደገና ተምታታባቸው። እንዲህ በአንድ ቀን ውስጥ የሚመጣና የሚሄድ መደናገር፣ በተለይም በዐይን የሚታይ ነገር ሲጨመርበት፣ መጀመሪያ ሰውነት እንዲመረመር የሚያስገድድ ነው። ትኩሳት ነበራቸው፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ በመድኃኒት ዳኑ። በመንፈስም በእብደትም ስም ዘግተነው ቢሆን ሽማግሌው በሞቱ ነበር። የሚያስቸግረኝ መጠይቁ ራሱ ነው። በሥልጠናው የተሰጠን ባለ ሠላሳ ነጥብ ፈተና ላልተማረ ገበሬ አይሆንም፤ እናንተ በምን ትለኩታላችሁ?

ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት

ወንድሜ፣ ያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ያወጡት ከሆነ፣ የትኩረት ክፍሉ «ወርልድ» (ዓለም) የምትለዋ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል ወደ ኋላ እንድትጠራ ይጠይቃል። የእኛ ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አዋሕዶ ስለሚይዝ «ዓለም» የምትለው ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ናት፤ ለፈተና አትበቃም። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድም ትኩረትን ከመለካት ይልቅ ትምህርትን ይለካል።

እኔ ወደ ገበያ እሄዳለሁ። ለገበሬው «በአርባ ሁለት ብር ጨው ገዝተው መቶ ብር ቢሰጡ ስንት ይመለስልዎታል?» እላለሁ። ማንበብ የማትችል እናት በዚህ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም፤ ከተሳሳተች ደግሞ ቆም ብዬ አስባለሁ። ለሌላው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ሰኞ፣ ለተማረው ወሮቹን ከጳጉሜን ወደ መስከረም እንዲቆጥር እጠይቃለሁ፤ ዐሥራ ሦስት መሆናቸውም ለመቁጠር የተሻለ ርዝመት ይሰጠናል።

የጊዜ ግንዛቤን በተመለከተ አንዲት ባልቴት ያስተማሩኝን ልናገር። ቀኑ ስንት እንደሆነ ብጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ» አሉኝ፤ በወረቀቴ ላይ ዜሮ ልጽፍ ስል «ልጄ፣ ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ? ቤተ ክርስቲያን ሳልስም ወደዚህ አመጣችሁኝ» አሉ። ዕለቱ ዐሥራ ሁለት ነበር። ከእሳቸው የተሻለ ጊዜን የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ በመጠይቁ መሠረት ግን ያልተረዱ ተብለው ሊመዘገቡ ነበር። ለሙስሊም ታካሚም የትኛው ሶላት እንደ ደረሰ፣ ጁምዓ ስንት ቀን እንደቀረው መጠየቅ ይቻላል። ሰዓት ሲጠየቅ ደግሞ ታካሚው ከንጋት ጀምሮ እንደሚቆጥር አንርሳ፤ «ሦስት ሰዓት» ያለውን በእንግሊዝኛው ካርድ ላይ እንደ ሦስት አንጻፈው።

ምሳሌያዊ አነጋገር ማስተርጎምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ትርጉሙን ስጠይቀው አንድ ወጣት «ይፈለፈልና ጫጩት ይሆናል፤ ጫጩት ደግሞ እግር አለው» አለኝ። ከፊደሉ ሳይወጣ የቀረ ነው ብዬ ጻፍኩት። በኋላ ሳስበው ግን ስለ ተረቱ አሠራር ትክክለኛውን ነገር ነው የነገረኝ፤ ተረቱ ስለ ትዕግሥት የሚለውን እንዲያብራራ «ታዲያ ለሰው ምን ይነግረዋል?» ብዬ መቀጠል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በሌላ በኩል ሁሉም የሚያውቀውን ተረት በትክክል መተርጎም የሚያሳየን በልጅነት የሰማውን ማስታወሱን እንጂ ረቂቅ ነገር ማሰብ መቻሉን ላይሆን ይችላል።

የታመመ ወንድም ያለኝ

ባለሙያ አይደለሁም፤ ታናሽ ወንድሜን ለስድስት ዓመት ያስታመምኩ እህት ነኝ። እዚህ መጻፍ የተፈቀደ ከሆነ ሁለት ነገር ልናገር።

አንደኛው፣ ወንድሜን አባታችን፣ አጎታችንና እኔ ባለንበት «እንዴት ነህ?» ብለው ጠየቁት። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በአባት ፊት ሌላ የሚባል የለም። ባለሙያው «ስሜቱ ደህና ነው ይላል» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። በሌላ ጊዜ አንዲት ልጅ እኛን በትሕትና አስወጥታ ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ፣ ጠዋት ሲነቃ ምን እንደሚታየው፣ ድሮ ይወደው ስለ ነበረው ኳስ ጠየቀችው። ስንመለስ ወንድሜ እያለቀሰ ነበር፤ ሲያለቅስ ያየሁት ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በወረቀቱ ላይ «ኢንሳይት፦ የለውም» የሚል አነበብኩ። ትርጉሙን ስጠይቅ «መታመሙን አያውቅም ማለት ነው» አሉኝ። ወንድሜ ግን ጸበልም ይጠመቃል፣ ክኒኑንም ይውጣል፤ ሲብስበት ራሱ «ውሰዱኝ» ይላል። ታዲያ እንዴት አያውቅም ይባላል?

መምህሩ

እህቴ፣ መጻፍዎ ተገቢ ነው፤ ጥያቄዎም ብዙዎቻችን ሳንመልሰው የምናልፈው ነው። ያ ቃል «አለው» እና «የለውም» በሚሉ ሁለት መልሶች የሚዘጋ አይደለም። አንቶኒ ዴቪድ የተባለው ብሪታንያዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 በሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል፦ መታመምን ማወቅ፣ የሚሰማውን ወይም የሚያየውን ያልተለመደ ነገር የሕመም መሆኑን መለየት፣ ሕክምናን መቀበል። ወንድምዎ «ውሰዱኝ» ሲል የመጀመሪያውን፣ ክኒኑን ሲውጥ ሦስተኛውን ይዟል። ምናልባት የሚሰማውን ድምፅ የርኩስ መንፈስ ነው ይል ይሆናል፤ ያ ከሁለተኛው ጋር የሚያያዝ ነው፤ እሱም ቢሆን በቤተሰቡና በካህኑ ዘንድ የተያዘ አገላለጽ ስለሆነ ብቻውን ግንዛቤ ማጣት አያሰኘውም። እኔ ብሆን የምጽፈው «መታመሙን ይናገራል፤ ምክንያቱን ከመንፈስ ያያይዛል፤ ጸበልንና መድኃኒትን አብሮ ይጠቀማል፤ ሲብስበት ራሱ እርዳታ ይጠይቃል» ብዬ ነው። ይህን ያነበበ ሐኪም ከወንድምዎ ጋር በምን መንገድ መነጋገር እንደሚችል ያውቃል። «የለውም» የሚለው ግን ሐኪሙን ከንግግር ያሳርፈዋል፤ ለዚህም ነው የማልወደው።

አስተርጓሚዋ

ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው፤ በስልክና በአካል የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ሲስተር የገለጸችው ስሕተት በእኛ ሥራ ዕለታዊ አደጋ ነው፤ እዚህ ሐኪሙ አማርኛውን ስለማይሰማ ደግሞ የሚያርመን የለም። «ሆዴ ባር ባር አለኝ» የሚለውን የሆድ ሕመም አድርጎ የተረጎመ ሰው አውቃለሁ። «ራሴን ሳትኩ» ማለት ተዝለፍልፌ ወደቅሁ ማለት ነው፤ አእምሮን መሳት ተብሎ ሲተላለፍ ሌላ ሰው ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። የታካሚው ንግግር ሲበታተን፣ ከአንዱ ነገር ወደ ማይገናኘው ሲዘል፣ አስተርጓሚ ሁሉ በተፈጥሮው ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ሊሠራለት ይሞክራል። ይህን ያደረግነው ለታካሚው በማዘን፣ የአገራችን ልጅ በባዕድ ፊት እንዳይዋረድ ብለን ነው። ሐኪሙ ግን የሚፈልገው ዋናው ማስረጃ ያ መበታተኑ ራሱ ነው፤ እኛ ስናስተካክለው ሕመሙን ደበቅንበት። አሁን እንዲህ ሲገጥመኝ «ዶክተር፣ ንግግሩ አይያያዝም፤ ቃላቱን እንደመጡ እሰጥዎታለሁ» እላለሁ። የቤተሰብ አባል ሲያስተረጉም ይህ ጨርሶ አይሆንም። በአገር ቤትም በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ የሚናገር ታካሚ በዘመዱ አፍ ሲመረመር ተመሳሳይ ነገር እንደሚደርስ እገምታለሁ።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መድበል አምስተኛ እትም (ዲኤስኤም-5) ውስጥ ዐሥራ ስድስት ጥያቄዎች ያሉት የባህል ቃለ መጠይቅ አለ። ታካሚው ችግሩን በራሱ ቃል እንዲገልጽና ለቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሚነግር ያስጠይቃል። የሚጠቀምበት ሐኪም ሲገጥመኝ የታካሚዎቼ ድምፅ ሲለወጥ እሰማለሁ።

ሌሊት ተረኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህታችን በአባት ፊት ስለሚሰጥ መልስ ያነሣችው ወደ አንድ ያልተነካ ነገር መለሰኝ፤ ይኸውም ራስን ስለማጥፋት የምንጠይቅበት መንገድ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንፈራዋለን፤ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያመጣበት ይመስለናል። አያመጣበትም፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ያርፋሉ። ነገር ግን «ራስህን ልታጠፋ ታስባለህ?» ተብሎ በቀጥታ ሲጠየቅ አማኝ የሆነ ሰው «ኧረ ኃጢአት ነው!» ይላል፤ እኛም «የለም» ብለን እናልፋለን። እሱ የመለሰው የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ነው፤ አስቦ እንደሆነ ገና አልነገረንም። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ እሄዳለሁ። «ከጭንቀቱ ብዛት መኖር ያስጠላዎታል? ተኝቼ ባልነቃሁ ብለው ያውቃሉ?» ብዬ እጀምራለሁ፤ «ሞት በወሰደኝ» ማለት በአገራችን ምሬት ሲበዛ የሚባል ቢሆንም፣ በየቀኑ ይሉት እንደሆነ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ «ኃጢአት መሆኑን እንደሚያውቁ ይገባኛል፤ ቢሆንም ሰው ሲጨንቀው ይመጣበታል፤ እርስዎስ ራስዎን ስለ መጉዳት አስበው ያውቃሉ?» እላለሁ። አንዲት እናት በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደችና ዝም አለች። በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት ዝምታዋንና ነጠላዋን ነው፤ በዚያ ሌሊት ብቻዋን አልተዋትም።

ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት

ሲስተር፣ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ነገር ብጠይቅሽ። የመጀመሪያዋ ሴት ካርድ በኋላ ተስተካከለ? በየቀጠሮው የሚያገኛት አዲስ ሐኪም የድሮውን መስመር እያነበበ እንዳይቀጥል እሠጋለሁ።

ሌሊት ተረኛ

ተስተካክሏል ዶክተር። የቀድሞውን አልሰረዝኩትም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ከሥሩ ቀንና ስሜን ጽፌ ይህን ጨመርኩ፦ «ከላይ የጻፍኩት ትርጓሜ ስሕተት ነበር። ታካሚዋ ያለችው ‹ሌሊት ሌሊት ሐሳብ ይገባኛል፤ ከገባ ደግሞ አልወጣ ይለኛል› ነው። ሐሳቡ የራሷ መሆኑን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስለ ልጆቿ አስተዳደግ እንደምትጨነቅ ስትጠየቅ ተናግራለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለ ልጆቿ ስታወራ ታለቅሳለች፤ ስለ ታናሿ ልጅ ስትናገር ግን ፈገግ ትላለች። ሰው በሌለበት ድምፅ አትሰማም። ዕለቱን፣ ቦታውንና ያለነውን ሰዎች በትክክል ታውቃለች። መመላለሷ የጀመረው ሃሎፔሪዶል ከወሰደች በኋላ ነው።»

ሃሎፔሪዶሉ ቆመ፤ መመላለሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀነሰ። ለድባቴ ሕክምና ተጀመረላት፤ ለክትትል ስትመጣ ታናሿን ልጅ ይዛት መጣች።